ሦስተኛውን ሰው ለመምረጥ ቀጨኔ ደርሼ ስመለስ

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ለመምረጥ ነው። በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ ኑሮዬ እዚያ ነው። ቤቴ የምለው ግን እስከ ዛሬ የአዲስ አበባው ቀጨኔ ነው፤ አባቴ እዚያ ናቸው፣ መታወቂያዬም የዚያው ነው፤ የመራጭነት ካርዴንም ያወጣሁት ለፋሲካ የሄድኩ ጊዜ ነው። ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ ፈረመልኝና ሳቀ።

«ለአንድ ድምፅ ይሄን ሁሉ መንገድ?»

ለማን እንደምሰጥ ብነግረው ኖሮ ይበልጥ ይስቅ ነበር። በምርጫ ክልላችን ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ነበሩ፤ አገር የሚመራው አንዱ፣ እሱን ለመተካት የሚፎካከረው ሌላው። እኔ የምሄደው ከሁለቱም ላልሆነ፣ በግሉ ለቆመ ሰው ነው። ምልክቱ እንስራ፣ ስሙ ምትኩ ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ልጅ ሲሆን በአንድ የሙያ ማሰልጠኛ ያስተምራል። ልጅ ሳለን ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ «ከሸክላ ሠሪ ጋር አልጋባም» ብለው የመለሱትም እሱ ነው።

መንገዱ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። ብርዱ እንደ ልማዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሁሉም በጋቢና በጃኬት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አጠገቤ የተቀመጡት ሸጎሌ ከብት የሚነግዱ ሐጂ ነበሩ። እሳቸውም ለመምረጥ ወደ ቤታቸው መሄዳቸው ነው። ጫጫን አልፈን ሜዳው ሲከፈት፣ ታርሶ የጠቆረውን መሬት በመስኮት እያዩ ጨዋታ ጀመሩ።

«ለማን ልትሰጪ ነው ልጄ? ሚስጥር ነው እንዳትይኝ!»

«ለግል ዕጩ ነው፣ ሐጂ።»

«ለግል!» ብለው ዞረው አዩኝ። «እኔ እንኳ ለሚያሸንፈው ነው የምሰጠው። ድምፄ ሜዳ ላይ እንዳይቀር።»

«የሚያሸንፈውን በምን ያውቁታል?»

«በፖስተሩ ብዛት ነዋ!» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የምትኩ ፖስተር በሰፈራችን ከጥቂት ግድግዳ አያልፍም ነበር።

ሸኖ ላይ ሹፌሩ ቆመልን። ሴቶቹ ቅቤያቸውን በቅጠል ሸፍነው መስኮት ለመስኮት ይዞራሉ። ለአባባ ቅቤ ገዛሁ፤ ከባለፈው ተወዷል፣ ሽታው ግን ያው የሸኖ ነው። ሰንዳፋ ስንደርስ የሰኔ ዝናብ ወረደብን። ለገጣፎን በጭጋግ አለፍናትና ላምበረት ወረድን። ሐጂ እቃቸውን ሲያወርዱ «እንግዲህ ሰውዬሽ ይቅናው» አሉኝ። መንገዱን ሁሉ እንደዚያ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቀጨኔ፣ አመሻሽ

በመገናኛ በኩል ጊዮርጊስ ደርሼ የቀጨኔ ታክሲ ያዝኩ። ከተማው ሰፊ መንገድ፣ መብራት፣ የእግረኛ መሄጃ አውጥቷል፤ ያምራል። የቀጨኔ ዳገት ላይ ስንደርስ ግን ታክሲው በጠባቡ መንገድ እያቃሰተ የድሮውን አወጣጥ ወጣ። «መድኃኔዓለም መጨረሻ!» አለ ረዳቱ፣ ወረድኩ።

ወደ ቤታችን በሚያስገባው ቅያስ ግራው ሁሉ በቆርቆሮ ታጥሯል። ቤቶቹ ፈርሰው ለልማት የተነሳ ቦታ ነው። በስንጥቁ አጮልቄ አየሁ፤ ሣር በቅሎበታል። የጎረቤታችን የእማማ በላይነሽ ቤት የቱ ጋ እንደነበር ለማወቅ ብዙ ቆምኩ። እሳቸው የከተማው አንድ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ የቅርብ ጎረቤታቸው ሌላው ጫፍ። ቤታቸው ከድሮው ይሻላል፤ ውሃውም መጸዳጃውም ውስጥ ነው። ባለፈው ስልክ ስደውልላቸው ግን «ቤቱስ ደህና ነው ልጄ፤ የሚያንኳኳው ሰው ነው የጠፋው» አሉኝ።

ምትኩ ሊወዳደር የተነሳው በዚህ ጉዳይ ነው። በየደጁ በእግሩ እየዞረ አንድ ነገር ብቻ ይናገር ነበር፦ ሰፈር ሲነሳ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይበተን፣ ዕድሩም ሸክላ መሥሪያውም አንድ ላይ ይነሳ። ከሁለቱ ፓርቲዎች አንዱም ይህን ሲል አልሰማሁም።

ቤት ስገባ አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ሽሮ ጥዶ ጠበቀኝ። ዳዊት ለትልቁ ተቃዋሚ ፓርቲ ሲቀሰቅስ ከርሞ ድምፁ ተዘግቷል። አባባ ደግሞ ሁልጊዜ ለገዥው ፓርቲ ነው የሚመርጡት። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እንደሚኖሩ ይገርመኛል። ቅቤው ሽሮው ላይ ሳይቀልጥ ክርክሩ ተጀመረ።

«ትርሲት፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለምትኩ ነው አይደል?» አለ ዳዊት።

«ለእሱ ነው።»

«አያሸንፍም እኮ! አንድ አንድ ድምፅ በምንለቅምበት ሰዓት ትጥዪዋለሽ?»

«ለምን ጣልሽ ትለኛለህ? ሰጠሁ እንጂ።»

«ለትዝታሽ ነው የምትሰጪው» አለ፣ ቀና ሳይል።

አባባ ጉርሻቸውን አቆሙ። የምትኩ ስም በዚያ ቤት ከተነሳ ዘመን ሆኖታል። «ልጁ ክፉ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ብቻውን ነው። ብቻውን የቆመ ሰው ምን ያመጣል?» እኔን ግን የዳዊት ቃል ወጋኝ። እውነት ለትዝታ ቢሆንስ?

የምርጫው ጠዋት

ሌሊቱን ዘንቦ ቁልቁለቱ ጭቃ ሆኗል። ዳዊት ታዛቢ ስለሆነ ቀድሞ ወጥቷል። አባባን በአንድ እጃቸው ይዤ፣ በሌላው ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ወደ ምርጫ ጣቢያው ትምህርት ቤት መውረድ ጀመርን። መሀል ላይ አዳለጣቸው። ከኋላችን የመጣ ሰው ፈጥኖ በሌላ ጎን ደገፋቸው። ምትኩ ነበር። እሱም ሊመርጥ እየወረደ ነው።

ፀጉሩ ሸብቷል። ሰላምታ ተሰጣጣን፤ የባለቤቱንና የልጆቹን ደህንነት ጠየቅኩት፣ እሱም የባሌን ሞት ሰምቶ እንዳዘነ ነገረኝ። ድምፁ አልተለወጠም። ያንን ድምፅ ምን ያህል እንደናፈቅኩት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ጭቃውን እያየሁ ሄድኩ።

አባባ ትንፋሻቸው ሲመለስ እናቱን ጠቅሰው «አንተ የዘርፌ ልጅ ነህ» አሉት።

«ነኝ አባባ።»

«ይሄ አብሮ ይነሳ የምትለውን ነገር ታስፈጽመዋለህ?»

«ብቻዬን አልችልም።»

«ታዲያ ለምን ተወዳደርክ?»

«እዚያ ገብቶ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳ እንዲኖር ብዬ ነው፣ አባባ።»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ለአንተ አልመርጥም። እንዲያው እንድታውቀው።»

«መብትዎ ነው።»

ምትኩ እጁን ቀስ ብሎ ሊስብ ሲል አባባ ጨበጥ አደረጉት። «እጄን ግን አትልቀቅ። ያዳልጣል።»

እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሦስታችን እንዲህ ተያይዘን ወረድን። ያ እጅ ያኔ፣ ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው በለመኑበት ቀን ተይዞ ቢሆን ብዬ አሰብኩ። አባባም ያሰቡት ይመስለኛል፤ በሩ ላይ ሲለቁት ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ጭቃ ነው አሉ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዬ ሲደርስ ጣቴን ቀለም ቀብተው ወረቀቱን ሰጡኝ። ከመጋረጃው ኋላ እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። እንስራዋ ከታች ናት፣ ትንሽ ናት። የዳዊት ጥያቄ መጣ። ምትኩን ከነድምፁ፣ ከነሽበቱ ከሐሳቤ አወጣሁና በቦታው የማላውቀው ሰው አቆምኩ፤ ያንኑ ነገር የሚናገር፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ሰው። የእማማ በላይነሽ የማይንኳኳ በር ታየኝ። ለዚያም ሰው እመርጥለት ነበር። እንስራዋ ላይ ምልክት አደረግኩ፣ አጠፍኩ፣ ኮሮጆው ውስጥ ከተትኩ።

መመለሻ

በማግስቱ ከመሄዴ በፊት የጣቢያችን ውጤት በር ላይ መለጠፉን ሰምቼ በዚያ በኩል ወረድኩ። ዳዊት ከበሩ ጥግ ቆሟል። የእሱም ዕጩ አልሆነለትም። ገዥው ፓርቲ አንደኛ፣ የዳዊት ሁለተኛ፣ ምትኩ ሦስተኛ። ዳዊት «አልኩሽ» ይላል ብዬ ስጠብቅ «ነይ ቁርስ ልጋብዝሽ» ለማለት እንኳ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዬን አቀፈኝ ብቻ።

ጭቃ የነካው ቀሚስ የለበሱ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት አጠገቤ ቆመው ወረቀቱን ያያሉ። «የእንስራዋን ንገሪኝ እስቲ፣ ዓይኔ አይለይም» አሉኝ። ቁጥሩን አነበብኩላቸው።

«እንደገና በይ።»

እንደገና አነበብኩ።

ወደ ዳገቱ፣ ወደ ቤቶቹ ቀና ብለው አዩ። «ይሄን ያህል ነን?» አሉ። «እኔ እኮ ከእኛ ጓሮ ሰዎች ሌላ የሚመርጠው ያለ አልመሰለኝም ነበር።» ከዚያ ሌላዋን ጎረቤታቸውን ለመጥራት እየተጣደፉ ወጡ።

ደብረ ብርሃን ስደርስ ፀሐይ ነበር። አከራዬ ወይዘሮ አስካለ በር ከፍተውልኝ፣ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ፣ «አሸነፈልሽ?» አሉኝ።

«አላሸነፈም።»

«ታዲያ ፊትሽ ምን አበራው?»

ለዓመታት ወደ ቀጨኔ የምመለሰው ያለፈውን ፍለጋ ነበር፤ የፈረሰውን ቤት፣ ያልሆነውን ትዳር። ናፍቆት ወደ ኋላ ብቻ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። በዚህ ጉዞ ግን ገና ያልመጣ ነገር መናፈቅ ጀምሬ ተመለስኩ፤ ለካ እኔ ብቻም አይደለሁም።

«ብዙ ነን» አልኳቸው።