ፎቶው ሲጠፋ የሚወጣው ግጥም

ሐዋሳ ውስጥ ግጥሜ የሚነበብበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ፎቶ የጠፋበት ሰው ስልክ ላይ።

የምሠራበት ፎቶ ቤት አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከታች ጫማ መሸጫ፣ ከላይ እኛ። ሥራችን ሠርግ ነው። ሙሽሮቹን ሐይቅ ዳር ወስደን እናነሳቸዋለን፤ ፎቶዎቹ በሙሉ ጥግ ላይ ወደተቀመጠ አንድ ኮምፒዩተር ይገባሉ። ሰርቨር የምንለው እሱን ነው። ሙሽራዋ ቤቷ ሆና የተሰጣትን አድራሻ በስልኳ ስትከፍት ሰርቨሩ ፎቶዎቿን እያወጣ ያሳያታል፤ እሷም ለአልበም የሚሆኑትን ትመርጣለች። የተጠየቀው ፎቶ ሳይገኝ ሲቀር ደግሞ በፎቶው ፋንታ ይህ ይመጣል፦

የፈለጉት ምስል የለም፣ ሐይቅ ዳር ቀርቶ ይሆናል፤
እየሳቀ የተነሳ፣ ቤት መግባቱን ይረሳል።

የኔ ነው። ሌሎቹን ግጥሞቼን ለጋዜጣ ልኬአለሁ፣ መልስ አልመጣም። ለሬዲዮ ልኬአለሁ፣ ቢነበብም እኔ ያላዳመጥኩ ቀን መሆን አለበት። አንድ የግጥም ምሽት ላይ ተራዬ ደርሶ መድረክ ስወጣ መብራት ሄደ፤ ታዳሚውም ጥሩ ምክንያት አገኘ። ይህቺ ሁለት መስመር ግን ትነበብ ነበር። አንባቢዎቿ በሙሉ የተናደዱ ሰዎች ቢሆኑም አንባቢ አንባቢ ነው።

ግጥምም ኮምፒዩተርም ያስተማረኝ የለም። ሁለቱንም በራሴ ነው የተማርኩት፤ ሰው በራሱ ሲማር ደግሞ አስቸጋሪውን መንገድ ትክክለኛው መንገድ ያደርገዋል። የሰርቨር ሶፍትዌር በሁለት መንገድ ይገኛል። አንዱ ተዘጋጅቶና ታሽጎ የሚመጣው ነው፤ ፓኬጅ ይሉታል። አንድ መስመር ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ ወርዶ ቦታውን ይይዛል፤ እርማት ሲወጣለትም ራሱ ያመጣል። ሌላው ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ሰዎች የጻፉትን ጥሬ ጽሑፍ፣ አውርደህ በራስህ ማሽን ላይ ወደሚሠራ ፕሮግራም የምትቀይረው ነው። ኮምፓይል ማድረግ ይባላል። ጊዜ ይወስዳል፣ የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ ይጮኻል፣ ሲበላሽም የምትከሰው ሰው የለም።

እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ለዚህ አንዱ ምክንያት እናቴ ናት። እናቴ ሲፈጭ ያላየችውን አትበላም። ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ወፍጮ ቤት በርበሬ ስታስፈጭ ዓይኗን ከወፍጮው አፍ አታነሳም። ሱቅ ውስጥ የታሸገ በርበሬ ሲሰጧት ፌስታሉን ወደ ብርሃን አንስታ ታየውና «ሸክላ አለበት» ብላ ትመልሰዋለች። አንድም ቀን ሸክላ መሆኑ አልተረጋገጠም። አለመሆኑን የሚምልላት ሰውም እስካሁን አልተገኘም። በዚህ ቤት ላደገ ሰው ማን እንዳዘጋጀው የማይታወቅ የታሸገ ሶፍትዌር መትከል ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ግጥሙ ነው። ጥሬውን ጽሑፍ ሳገላብጥ ሰርቨሩ «አልተገኘም» የሚልበትን ቦታ አገኘሁ። የነበረውን አጥፍቼ የራሴን ጻፍኩበትና ኮምፓይል አደረግኩት። የታሸገው ቢሆን ይህን ማድረግ አልችልም ነበር፤ እንደዚያ ነበር የማምነው።

ፎቶ የምታስተካክለው ባልደረባዬ ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምራ ተመርቃለች። ዋና ሥራዋ አባ ኮዳ ማጥፋት ነው። ሐይቁ ዳር ሙሽራ ሲቆም ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ከኋላ መጥቶ፣ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ፣ ጥሪው እንደዘገየበት አጎት ይቆማል። እሷ ከተመረጡት ፎቶዎች ላይ አንድ በአንድ ታወጣዋለች። ማራገቢያው ሲጮኽ በሰማች ቁጥር ከስክሪኗ ዞር ሳትል ትናገረኛለች።

«ገጣሚው፣ ዛሬም ወፍጮ ቤት ነህ?»

«ኮምፓይል እያደረግኩ ነው።»

«የተዘጋጀው እኮ አለ። አንድ መስመር ነው።»

«ውስጡ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። አንተስ የራስህን ታውቃለህ?»

«ጥሬው አለኝ።»

«አንብበኸዋል?»

ግጥሜ ያለበትን ገጽ አንብቤ ነበር። «ዋና ዋናውን» አልኳት።

«ጎበዝ።»

«አንቺ ተምረሽው ለምንድነው የማትሠሪው?»

«ስለተማርኩት ነው የማልሠራው» አለችና ወደ ወፉ ተመለሰች።

የፎቶ ቤቱን ባለቤት ጋሼ እንላቸዋለን። ቤተሰባቸው ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ስለሆነ ፎቶንም የሚያዩት እንደ ጨርቅ ነው፤ ወደ መስኮቱ ይዘው፣ ጠርዙን በጣት ዳበስ አድርገው። ስለ ሰርቨሩ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ይሠራል?»

«ይሠራል ጋሼ።»

«በቃ።»

የሠርግ ወቅት መሃል ላይ በምንጠቀምበት የሰርቨር ሶፍትዌር ቀዳዳ ተገኘ ተባለ፤ ሌባ ሊገባበት የሚችል ስህተት ማለት ነው። የታሸገውን ለሚጠቀሙት እርማቱ ቡና እየጠጡ ሳሉ ገባላቸው። እኔ ግን አዲሱን ሶርስ ኮድ ማውረድ፣ ግጥሜን እንደገና መጻፍና እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነበረብኝ። በዚያው ሰሞን የጋሼ ልጅ ተዳረች። ያነሳናት እኛው ነን። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የሙሽራው ቤተሰብ ሳሎን ተሰብስቦ ፎቶዎቹን በትልቁ ቴሌቪዥን ሊያይ ተቀጠረ፤ ጋሼም ተጋብዘዋል። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ቀዳዳውን ልደፍን ተቀመጥኩ።

መብራት ሄደ። መጣ። እንደገና ሄደ። ጄኔሬተሩ የማተሚያ ማሽኑ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ቢሰካ የሚቆጣ ሰው አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ አዲሱን ኮድ አሮጌው በነበረበት ፎልደር ላይ ገለበጥኩትና ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

እናቴ ወፍጮ ቤት ስትደርስ ሰላምታ ከማቅረቧ በፊት «ከኔ በፊት ምን ተፈጨ?» ነው የምትለው። በርበሬ ከነበረ ሽሮዋን አትሰጥም። አንድ እፍኝ በቆሎ ታስፈጭበታለች፤ ወፍጮው በዚያ ይታጠባል፣ ዱቄቱ ለዶሮ ይሄዳል፣ ከዚያ የሷ ተራ ነው። ይህን ሳይ ነው ያደግኩት። ፎልደሩን ባዶ ሳላደርግ በሰው በርበሬ ላይ ሽሮዬን ያፈሰስኩት እኔ፣ የዚህች ሴት ልጅ፣ ነኝ።

ሰርቨሩ አላጉረመረመም። የመጀመሪያው ገጽ ተከፈተ፤ የሙሽሮቹ ስም በወርቃማ ፊደል ወጣ። ይሠራል ብዬ ምሳዬን በላሁ። ፎቶ የሚያወጣው ክፍል ግን ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ነበር። የትኛውንም ፎቶ ሲጠይቁት የለም ይላል። የለም ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነበሩ።

«አንተ! ልጄ የት አለች?»

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ቴሌቪዥኑ ላይ ልጄ የለችም። ግጥም ነው ያለው።»

«ሌላኛውን ፎቶ ይክፈቱት እስቲ።»

«ከፍተናል። እሱም ግጥም ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለውም ግጥም ነው።»

ከኋላቸው የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። የሙሽራው አባት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የተጻፈ ነገር ሲያዩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሳያነቡ ማለፍ አይችሉም። ፎቶ በተከፈተ ቁጥር እንደገና ያነቡታል፤ እያነበቡም ያሻሽሉታል፤ «ይረሳል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉ ጀመር። ግጥሜ በሰው ፊት ሲነበብ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከኔ የተሻለ ያነባሉ።

ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ። «ቤት መግባቱን የሚረሳው ማነው? ልጅቷን ነው?»

«ሰማህ?» አሉኝ ጋሼ።

«ሰማሁ። ስለ ሙሽራዋ አይደለም ጋሼ። ስለ ፎቶው ነው። ሰውኛ ነው።»

«ምንኛ?»

«ሰውኛ። ፎቶውን እንደ ሰው አድርጎ መናገር። ዘይቤ ነው።»

«የሙሽራው እናት አጠገቤ ናቸው። ስልኩን ልስጥህና ዘይቤውን ታስረዳቸዋለህ?»

«አይ ጋሼ።»

«ያቺ የተማረችው አለች?»

ስልኩን ለባልደረባዬ ሰጠኋት። «እሺ ጋሼ» አለች። «የተዘጋጀውን? እሺ። አሁን። እሺ።» ከዚያ ወንበሬን በእግሯ ገፋ አደረገችው፤ ተነሳሁላት። የኔን አቆመችና አንድ መስመር ጻፈች። የታሸገውን ሰርቨር የፎቶዎቹን ፎልደር አሳየችው። ከታች ያዘዝነው ሻይ ገና አልወጣም ነበር። ስልኩ ውስጥ የሴቶች እልልታ ተሰማ፤ ልጅቷ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጥታ ነው። ወዲያው የመምህሩ ድምፅ ተከተለ።

«ይህ ከኋላዋ የቆመው ማነው?»

«አባ ኮዳ ነው ጌታዬ» አለች ባልደረባዬ በስልኩ። «አልበሙ ላይ አይኖርም።»

ሰኞ ጋሼ መጡ። አልጮኹም፤ ጨርቅ ሲመልሱ የሚናገሩበትን ድምፅ ነው የተጠቀሙት። «ሁለት ነገር። ከዛሬ ጀምሮ የታሸገው ነው። ግጥሙም አይመለስም።»

«ጋሼ፣ ሌላ የሚነበብበት ቦታ የለውም።»

ወደ መስኮቱ እንደያዙት ነገር አዩኝ። «ልጄ አማቶቿ ቤት የገባች ሰሞን ነው የተነበበው። እኔ የምሸጠው ፎቶ ነው። ሰው ፎቶ ሲፈልግ ፎቶ ያግኝ፤ ሲጠፋም ጠፋ ይባል» ብለው ወረዱ።

እውነት ነበር። የሚከራከሩት ነገር ሲጠፋ ደግሞ ያበሳጫል። ሥራ መልቀቂያ ጻፍኩ። ሳነበው ቤት መትቷል፤ ጥሩ ስለነበር ሳልሰጥ ለራሴ አስቀመጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬ፣ ዓይኗ እንደ ሁልጊዜው ወፉ ላይ እንዳለ፣ «ከፈቀዱልህ የታሸገው ላይም የራስህን ጽሑፍ ማስቀመጥ ይቻላል» አለችኝ። «ማስተካከያ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ነው።»

«ኮምፓይል ሳይደረግ?»

«ምንም ሳይደረግ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጥሬው አለኝ አልከኝ እኮ።»

እንዲህ ሆኖ ቆየ። ሰርቨሩ ፎቶ ሲጠፋበት፣ የሚጠፋበት ነገር ካለ፣ በፈረንጅ አፍ ደረቅ ቃል ይናገራል። እኔ ማራገቢያው ስለማይጮኽ ብዙ ጊዜ ነበረኝ፤ ሙሽሮች ሳነሳ እንዳይስቁ ማሳሰብ ጀምሬ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን የሙሽራው እናት ከጋሼ ጋር ደረጃውን ወጥተው መጡ። አልበሙን ሊያዩ ነበር። እስከ መጨረሻው ገልጠው አዩት፤ አባ ኮዳ አለመኖሩን አረጋገጡ፤ ዘጉት።

«ያ ግጥም የት ሄደ?» አሉ።

ጋሼ ቀድመው መለሱ። «አስወጥቼዋለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ለምን ያስወጡታል? እኔ እኮ ለልጅቷ መስሎኝ ነው ያኔ የጠየቅኩት። በኋላ ሳስበው የኛው ሰውዬ ነው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከጓደኞቹ ጋር ሐይቅ ዳር ይቀመጥና ቤት እንዳለው ይረሳል። በር ላይ ቆሜ ሁለተኛውን መስመር እለዋለሁ። እሱ ደግሞ አስተማሪ አይደል፣ የመጀመሪያውን ካላልሽ አልገባም ይለኛል። የመጀመሪያው ጠፋብኝ።»

ጋሼ እሳቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አልበሙን አዩ። «ወላሂ፣ ከናንተ ጋር…» አሉና አልጨረሱትም። ወደኔ ዞሩ። «መልሰው። ግን ማንም የማያየው ቦታ ላይ አድርገው።»

እንዲህ ያለ ቦታ አውቅ ነበር። ባልደረባዬ ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችልኝና የምጽፍበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ። አንድ መስመር ነበር። ጻፍኩት። የታሸገው ሰርቨር ከገባ ወዲህ አንድም ፎቶ ጠፍቶበት አያውቅም፤ ቀዳዳ ቢገኝበትም ሳንሰማ ይደፍነዋል። ግጥሜ ማንም በማይደርስበት ቦታ፣ በሙሉ ደህንነት ተቀመጠ።

«እሺ፣ አሁን እንዴት ነው የማገኘው?» አሉ የሙሽራው እናት ስልካቸውን እያወጡ።

«እትዬ፣ አድራሻው ላይ ያለውን የልጅቷን ስም አንድ ፊደል አሳስተው ይጻፉ» አለቻቸው ባልደረባዬ።

መነጽራቸውን አድርገው፣ በአንድ ጣት፣ በጣም ተጠንቅቀው አሳሳቱ። የሌላ ሙሽራ ገጽ ተከፈተ።

«ይህቺ ደግሞ ማናት?»

«ሌላ ፊደል ይሞክሩ።»

ሞከሩ። ይህኛው የማንም ስም አልነበረም። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የመጀመሪያውን መስመር አነበቡ፤ እንደገና አነበቡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጊዜ በቃል አሉት። ከዚያ ወደ ጥጉ፣ ወደኔ፣ አዩ።

«የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ባለቤቴን ታውቀዋለህ?»

«አላውቃቸውም።»

«እንዳታውቀው፤ አንተም ሐይቅ ዳር ትቀራለህ» አሉና ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ወረዱ።