በሕማማት የገባች ጎል

ስለዚያ ቀን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ኳሱ አይደለም፤ ጥጡ ነው። ሮም ውስጥ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ወንዙ ዳር የቆሙት ረጃጅም ዛፎች የተባዘተ ጥጥ የሚመስል ነገር ይበትናሉ። ከላይ ይውረድ ከታች ይነሳ አይለይም። ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ፀጉር ላይ ያርፋል፣ ስትተነፍሱ አፋችሁ ውስጥ ይገባል። ያን ቀን የማየው በዚያ ጥጥ ውስጥ አሻግሬ ነው። አንዳንዴ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ሕልም ይሁን እውን ግራ ይገባኛል።

ደርግ ጊዜ ነው። እናቴ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት እዚያው እያደረች ትሠራ ነበር። እኔን ገና ሕፃን ሳለሁ ከአዲስ አበባ አስመጥታ መነኮሳት ትምህርት ቤት አስገባችኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባም ያስገባችኝ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት የሴት ተማሪዎች ማደሪያ፣ ጣልያን ኮሌጅ በሚለው ውስጥ ነው። የምንገናኘው በእረፍቷ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ብቻ ነበር። ሰው ቤት የሚሠራው አበሻ ሁሉ ሐሙስ ከሰዓት ነፃ ስለሆነ፣ ያን ቀን ባቡር ጣቢያው አካባቢ ብትሄዱ አዲስ አበባ የወረዳችሁ ነበር የሚመስላችሁ።

በየዓመቱ በዚያ ወራት የሮም የሴቶች ኮሌጆች ለዋንጫ ኳስ ይጋጠማሉ። እኔ በቀኝ ክንፍ እጫወት ነበር። አሠልጣኛችን አንዲት ሱዎራ ናቸው፤ ጣልያን መነኩሲትን እንዲያ ነው የሚላት። ረጅሙን ቀሚሳቸውን በገመድ ሰብሰብ አድርገው መስመር ዳር ሲሮጡ ወጣት መነኩሲት አትደርስባቸውም። ዳኛውን ይሰድቡና ወዲያው አማትበው እግዜርን ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ዳኛውን ግን አይጠይቁትም።

እናቴ ኳስ እንደምጫወት የሰማች ዕለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሴት ልጅ? በቁምጣ? ኧረ ምን ጉድ ነው!» ከዚያ ወዲህ ስለ ኳስ ሳወራ ወሬ ታስለውጠኛለች። ምሳ በላሽ ወይ፣ ፈተናው እንዴት ነው፣ ፀጉርሽን ምን ነካው። አንድ ቀን እንኳ መጥታ አላየችኝም። እኔም ኩራተኛ ነኝ፤ ነይ ብዬ አልለመንኳትም።

በዚያ ዓመት ግን ለመንኳት። አያቴ መታመሟን ከአገር ቤት የመጣ ሰው ነገራት። ሲኞራዋ ሁለት ወር ፈቀደችላትና ቲኬት ተቆረጠ። በረራዋ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ነው። እኛ ደግሞ በኮሌጃችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋንጫ አልፈን ጨዋታው ሐሙስ ከሰዓት ሆነ። በዚያን ጊዜ ወደ አገር ቤት የገባ ሰው ተመልሶ ለመውጣት የእግዜር ፈቃድ ብቻ አይበቃውም፤ የደርግም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። ሳታየኝ ከሄደች መቼም የምታየኝ አልመሰለኝም።

«አንዴ፣ እማዬ። አንዴ ብቻ ነይና እይኝ» አልኳት።

«ጸሎተ ሐሙስ እኮ ነው! ቄሱ የሰው እግር በሚያጥቡበት ቀን አንቺ እግርሽን ጭቃ ልታለብሺ?»

«የነሱ ፋሲካ ካለፈ ወር ሆኖታል። ቀን ሲቆርጡ ስለኛ ሕማማት ማን ነግሯቸው?»

«አንቺ አፍ የለሽም?»

አፍማ ነበረኝ፣ ለሱዎራዋ ነግሬያቸው ነበር። «አሎራ፣ እንግዲያውስ እናንተ ዘንድ ጌታ እንደገና ሊሰቀል ነዋ!» ብለው አማተቡ። ቀኑን ግን አላስለወጡም።

እናቴ አሰበች፣ አሰበችና ፈረደች። «እሺ ተጫወቺ። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ደግሞ ሕማማት መሆኑን እንዳትረሺ። መሳሳም የለም፣ መጨባበጥ የለም፣ እልልታ የለም። ይሁዳ ጌታውን በመሳም ነው አሳልፎ የሰጠው። ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አልኳት፣ ልቤ እያረረ።

ሐሙስ ዕለት እህል ሳልቀምስ ሜዳ ገባሁ። ባዶ ሆድና የጸደይ ፀሐይ ሲገናኙ ዓለም ሁሉ ትቀላለች። ጩኸቱ ከሩቅ ይመጣል፣ ጥጡ ይንሳፈፋል፣ የሜዳው ዳር ጥዶች ጥላ ሣሩ ላይ ረዝሞ ተኝቷል። እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር። ከእረፍት በፊት አንድ ጎል ገባብን። ሱዎራዋ የዳኛውን አባት ከመቃብር ቀስቅሰው ሰደቡ። እኔ ግን ዓይኔ አጥሩ ላይ ነበር። ማንም የለም።

ከእረፍት ስንመለስ ከሽቦው አጥር ማዶ አንድ ነጭ ነገር አየሁ። ጥጡ ተጠራቅሞ ነው ብዬ አለፍኩት። በሌላኛው ዙር ስመጣ አሁንም እዚያው አለ። ነጠላ ነው! ጥለቱ እንደ ሐዘን ወደ ፊት ዞሮ፣ ከሥሩ የእናቴ ፊት፣ እቅፏ ውስጥ ክዳን ያለው ሳሕን። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው የመጣችው። ሦስት አውቶቡስ ቀያይራ፣ ያን ሁሉ መንገድ ማን እንዳሳያት እንጃ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ኳሷ ከግራ መጣች፣ ነጥራ ከፊቴ አረፈች፣ መታኋት። መረቡ ሲነፋ አየሁ፤ ድምፅ ግን አልሰማሁም። ድምፁ የመጣው ኋላ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ ጓደኞቼ ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን አሹለው ወደኔ እየበረሩ ነው። ጣልያን ጎል ሲገባ እንደሚስም መቼም ታውቃላችሁ።

ወይ እዳዬ! እናቴ እያየች! በጸሎተ ሐሙስ!

ሮጥኩ። ምን ላድርግ? እነሱ ተከተሉኝ። የማዕዘን ባንዲራውን ዞርኩ፣ በመሃል ሜዳ አቋረጥኩ፣ አንዷ ማሊያዬን ስትይዘኝ አመለጥኳት። በረኛችን ሳትቀር ጎሏን ጥላ መጣች። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ደስታዬን የምገልጽበት አዲስ ስልት መስሏቸዋል። ሱዎራዋ «ያዟት! ያዟት!» እያሉ ይጮኻሉ። ከሁሉም አምልጬ አጥሩ ጋ ደርሼ ቆምኩ፤ ከእናቴ ጋር ሽቦው ብቻ ለየን።

ነጠላዋን በእጇ አፏ ላይ ጭናዋለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም። ዓይኗ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር ወጣ፣ ተመልሶ ወረደ። እያየሁት ዋጠችው። ምን እንደነበረ ያኔ አልገባኝም።

«ላብሽን ጥረጊ» አለችኝ።

ተሸነፍን። መጨረሻው ላይ እነሱ ደገሙ። አሸናፊዎቹ ሊጨብጡን ሲመጡ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ፤ «ተሸንፋ አኮረፈች» ሲሉ ሰማኋቸው። እናቴ በዚህ ሁሉ መሃል አጥሩን ዞራ ገብታ መስመሩ ዳር ሳሕኗን ከፍታ ለሱዎራዋ ጉልባን ታዘግን ነበር። ባቄላና ስንዴው ለጸሎተ ሐሙስ የተቀቀለ ነው። ሱዎራዋ እየበሉ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይዘግናሉ።

«አሸነፋችሁ አይደል?» አለችኝ እናቴ።

«ተሸነፍን እንጂ።»

«እንዴት ተደርጎ? አንቺ አግብተሽ የለም እንዴ?»

«እነሱም አገቡ እኮ፣ እማዬ። ሁለት።»

«እሱን አላየሁም» አለችና ነገሩን በዚያው ዘጋችው።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሸኘኋት። ጫማዬን በእጄ ይዣለሁ፤ ጥጡ ነጠላዋ ላይ ያርፋል፣ ነጠላ ከጥጥ አልለይ ብሎኛል። ሲኞራዋ ዘንድ ገብታ ሻንጣ ልትዘጋ ነው። አውቶቡሱ ከሩቅ ሲታይ አንገቷ ላይ ልጠመጠም ብዬ ቀረብኩ። ወደ ኋላ አለች።

«እማዬ፣ ነገ እኮ ትሄጃለሽ። ሳሚኝ።»

«ሕማማት ነው፣ ልጄ። ፋሲካ ሲሆን እስምሻለሁ።»

«ፋሲካ ሲሆን አንቺ እዚህ የለሽም!»

«እንግዲያው ስመለስ። ሁለት ወር ምን አላት?» ተንበርክካ በነጠላዋ ጫፍ የጉልበቴን ጭቃ ጠረገችልኝ። ደህና አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ አንዱን ጨርሳ ሌላውን። ከዚያ ተሳፈረች። አውቶቡሱ ውስጥ ሆና አላየችኝም፤ ፊቷን አዙራ ነበር።

ሁለት ወሩ አለቀ። አያቴ አረፈች። እናቴ መውጫ ቪዛ ጠየቀች፤ ከለከሏት። እንደገና ጠየቀች፣ ጠብቂ አሏት። ፔርሜሶዋ፣ የጣልያን መኖሪያ ፈቃዷ፣ እዚህ ጊዜው አልፎ ተቃጠለ። ጥጡ በየዓመቱ ይመጣል፤ እኔ ተመረቅሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ጉልበቴም ኳሱን እምቢ አለኝ። ለፋሲካ ስልክ ስደውል መስመሩ ይንሿሿል፣ ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «እንኳን አደረሰሽ» ትለኛለች፤ ስልኩን ዘግቼ እንደ ሕፃን እንሰቀሰቃለሁ። ያን ቀን ብትስመኝ ኖሮ ምን ነበረበት እያልኩ የተናደድኩባት ጊዜ ብዙ ነው። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በእሱም ተናድጃለሁ።

ደርግ ወደቀ። በዓመቱ መግቢያ ወረቀቷን ጨርሼላት እናቴ ክረምት ሊገባ ሲል መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ነጠላውን ነው፣ ጥለቱ ተዘቅዝቆ ሳይሆን በወጉ ተለብሶ። አጥራለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል። ሻንጣዋን ለቀቀችና ሳመችኝ። አንዱን ጉንጬን፣ ሌላውን፣ ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ እጄን ሳይቀር አገላብጣ ሳመችኝ።

ከዚያ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ እጇን አፏ ጋ አደረገችና ያን ሁሉ ሰው ቁብ ሳትሰጠው እልልታዋን ለቀቀችው። ፖሊሱ ዞረ። ሻንጣ የሚገፋው ቆመ። አንዴ፣ እንደገና፣ ትንፋሿ እስኪያልቅ።

«እማዬ በቃ፣ ሰው ያየናል! ይኸው በሰላም ገብተሻል እኮ» አልኳት፣ እየሳቅኩም እያለቀስኩም።

«በሰላም ስለገባሁ መሰለሽ?» አለችኝ ጉንጯን በነጠላዋ እየጠረገች። «ይቺ የጎሏ ናት።»