ሳጥኗን የከፈትኩ ቀን

ቢሮአችን አዲስ ጠረጴዛ ገባና የኮላው ሽታ ሮቤ ከተማ በነበረው ቤታችን በረንዳ ላይ አባቴ ካሜራ ወደሠራበት በጋ መለሰኝ። የሠራት ከኮምፖርሳቶ፣ ከጥቁር ጃንጥላ ጨርቅና ከአሮጌ ማጉያ መነጽር ነበር። መጀመሪያ የመጡት የዲንሾዋ አዴ ፋጡማ ናቸው፤ ወደ ጦር ግንባር ከሚሄደው ልጃቸው ጋር ፎቶ ተነሡ። ልጁ እንደተነሣ ከዚያው ሄዶ መኪና ተሳፈረ።

አባቴ ሊሰግድ ሲገባ፣ ምስሉን ለማየት ጓጉቼ የካሜራ ሳጥኗን ጀርባ ከፈትኩ። ያየሁት ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። ብርሃን ስለነካው ሲታጠብ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አዴ» አለ አባቴ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳጥኗ የሆነ ቦታ ብርሃን ታስገባለች።»

«ሲመለስ እንነሣለን፣ ኢንሻ አላህ።»

አባቴ ሳምንቱን ሙሉ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ሰነበተ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ኮላ አቀብለዋለሁ። «አየሽ ልጄ፣ ብርሃንም ያለቦታው ሲገባ ያጠፋል» አለኝ። አውቆብኝ ይሁን አይሁን አልገባኝም።

ልጃቸው አልተመለሰም። አዴ ፋጡማ ግን ገበያ በመጡ ቁጥር ጎራ ብለው፣ «እስቲ እንደገና እየው፤ ምናልባት ፊቱ ትንሽ ይታይ ይሆናል» ይሉታል። አባቴም ጥቁሩን ወረቀት አውጥቶ መስኮቱ ላይ ይይዝላቸዋል። እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

አሁን አባቴም አዴ ፋጡማም የሉም። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።