የአቶ ወዳጆ አንድ ዓይን

መምህርት ወሰንየለሽ ግሼ ውስጥ፣ ከራቤል ወዲያ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ሥዕል አስተምራለች። አስተምራለች ማለት እንግዲህ ለሪፖርት ያህል ነው። ዓርብ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ አንድ ጎጆ፣ አንድ ባንዲራና አንድ ፀሐይ ታስቀምጣለች፤ ስልሳ ሰባት ተማሪ ስልሳ ሰባት ጎጆ፣ ስልሳ ሰባት ባንዲራና ስልሳ ሰባት ፀሐይ ይገለብጣል፤ እሷም «ጎበዞች!» ብላ ለሁሉም ከአሥር ዘጠኝ ትሰጣለች። ሒሳብ ወደ ኋላ የቀረ ሳምንት ፀሐይዋም አትወጣም፤ ክፍለ ጊዜው ለማካፈል ይሰጣል። ይህንን ጉድ መመሪያው «የዜጋውን ሁለንተናዊ ስብእና የሚቀርጽ የሥነ ውበት ትምህርት» ይለዋል። መመሪያ ምን ይሳነዋል!

በ1995 ዓ.ም. ክረምት ሥዕል ለሚያስተምሩ መምህራን የአሥር ቀን ሥልጠና በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ተዘጋጀና ስሟ በደብዳቤ መጣ። ጉም በዋጠው መንገድ ግማሽ ቀን በእግሯ፣ ግማሽ ቀን በጭነት መኪና ተጉዛ ደረሰች። ሥዕል ወዳ አይደለም፤ ደብዳቤ የመጣበት መምህር መሄድ ስላለበት ነው።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ኪዳነ ወልድ የሚባል ቀጭን ሠዓሊ ነበር። የመክፈቻ ንግግር የሚባለውን ነገር ሳይነካ አሥራ ስምንቱን መምህራን ሜዳ ላይ አወጣና እንጨት ላይ የታሰረ አንድ በግ አሳያቸው። «ሣሉት» አለ። ሣሉ። ወረቀቶቹን ሰብስቦ አንድ በአንድ ሲገልጥ ሳቁ መጣ።

«በጉ በጎኑ ነው የቆመላችሁ። አሥራ ስምንታችሁም ሁለት ዓይን አድርጋችሁለታል። ሁለተኛውን ማን አየው?»

ከሠልጣኞቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ቅስናንና መምህርነትን አንድ ላይ የያዙት ቄስ ባስልዮስ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መለሱ። «ልጄ፣ መንዝ ድረስ መጥተህ በግ ስንት ዓይን እንዳለው ትጠይቀናለህ?»

ሳቁ ሜዳውን አናወጠው። ኪዳነ ወልድም አብሮ ሳቀና፣ «አባ፣ የሚያውቁትን ተዉትና የሚያዩትን ይሣሉ» አላቸው።

የተናገረው ለእሳቸው ነው፤ የተመታችው ግን ወሰንየለሽ ናት። ስድስት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስትሥላት የኖረችው ጎጆ የማንም ጎጆ እንዳልነበረች ያን ጊዜ ገባት። የግሼ ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው! እሷ የምታስተምረው ግን ከመማሪያ መጽሐፍ የተገለበጠ፣ ማንም ገብቶበት የማያውቅ የጭቃ ቤት ነው። ስልሳ ሰባት ልጅ በየሳምንቱ የድንጋይ ቤቱን ትቶ እየመጣ ያንን ይገለብጣል!

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በረሩ። የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጣሳ አፍነው የመሣያ ከሰል ሠሩ። ከብስኩት ካርቶን ትንሽ መስኮት ቆርጠው በቀዳዳው ዓለምን አዩ። እርሳስ በተዘረጋ እጅ ይዘው፣ አንድ ዓይን ጨፍነው መለካት ተማሩ። አሥራ ስምንት የተከበሩ መምህራን በአጥሩ ጥግ ተደርድረው አንድ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች «እነዚህ አስተማሪዎች ማንን ነው የሚጠቅሱት?» እያሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ።

በአራተኛው ቀን የቄስ ባስልዮስን ቦት ጫማ ሣለች። ስትጨርስ አባ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉና ጮኹ። «ይሄ የኔ ነው! የግራው ነው እኮ! ጎሚስታው የለጠፈበት ይኸው!»

ወሰንየለሽ ጉንጯ ጋለ። ያን ቀን ምሳዋን በቅጡ አልበላችም። ያየችው ሁሉ መስመር ሆነባት፦ የቆርቆሮው ጠርዝ፣ የአጥሩ እንጨት፣ የሾርባው ሳህን፣ የኪዳነ ወልድ አፍንጫ።

በስድስተኛው ቀን ወሬው መጣ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ተመርጦ ሦስት ክረምት የሥዕል ዲፕሎማ ይማራል፤ ተመልሶም የአካባቢውን መምህራን ራሱ ያሠለጥናል። እጩውን ኪዳነ ወልድ ያቀርባል፣ የሥልጠናው ኃላፊ አቶ ወዳጆ ይፈርማሉ። ወሰንየለሽ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ማሰብ አቃታት። በሕይወቷ አንድም ነገር እንዲህ ፈልጋ አታውቅም፤ የመምህርነት ሥራውን እንኳ የሰጧት እንጂ የመረጠችው አልነበረም።

ቦታዋን የሚሻማት ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ ታዲዮስ ነው። ታዲዮስ «ከዚህ አኳያ» ሳይል አፉን የማይከፍት ሰው ነው። በግ ሣል ሲሉት ከበጉ ኋላ ትራክተር ያቆማል፤ ጫማ ሣል ሲሉት ከጫማው ኋላ ትራክተር ያቆማል። በዚያ ሁሉ የመንዝ ገደል ትራክተሩ በየት እንደወጣ የጠየቀው የለም። አድርባይ ከፈለገ ገደሉ ላይም ያርሳል።

በአሥረኛው ቀን አቶ ወዳጆ ቀይ ክራቫታቸውን አስረው ሥልጠናውን ሊዘጉ መጡ። ኪዳነ ወልድ ለመጨረሻው ልምምድ የሚሣል ሰው ሲፈልግ፣ ወንበሩን እሳቸው ቀድመው ያዙት። «ከኔ የተሻለ ከየት ልታመጣ?»

ከፊት ያለው ቦታ በግፊያ ተያዘ። ከሰሏን ስታሾል የዘገየችው ወሰንየለሽ የደረሳት በጎን በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር ያለች በርጩማ ናት። ታዲዮስም ከአጠገቧ ተቀመጠ። የደረሳትን ቦታ ግን አልጠላችውም። አንድ ቅንድብ፣ አንድ ዓይን፣ ቁልቁል የሚወርድ ረጅም አፍንጫ፣ ከአፍንጫው የሸሸ አጭር አገጭ! እጇ ቀድሟት ሄደ። አርባ ደቂቃው ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ አቶ ወዳጆ ሊያስነጥሱ ደርሰው ነበር።

ሥዕሎቹ በገመድ ላይ ተሰቀሉ። በዚያን ዘመን ግምገማ ሳይደረግበት ውሃ እንኳ አይፈላምና ግምገማ ተጀመረ። ታዲዮስ እጁን አወጣ።

«ከዚህ አኳያ የመምህርት ወሰንየለሽ ሥዕል በዝምታ መታለፍ የለበትም። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ጻድቅ የሚሣለው በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ነው። በአንድ ዓይን፣ በጎኑ የሚሣለው ማን እንደሆነ አባ ይንገሩን።»

ቄስ ባስልዮስ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ በእኛ ሥርዓት... ይሁዳ አለ። ሄሮድስ አለ። ያው... ሰይጣንም አለ።»

አቶ ወዳጆ ብድግ አሉ። «እኔ ይሁዳ ነኝ?»

ወሰንየለሽ ክው አለች። እንዴት ረሳችው? የደብሯን ግድግዳ፣ ያንን አንድ ዓይና ይሁዳ እየፈራች፣ በእናቷ ቀሚስ እየተሸፈነች አይደል ያደገችው? መንዝና ግሼ የተወለደ ሰው ይህን ይረሳል? እሷ ረሳችው። እያየች ነበራ!

«በቀላሉ ይታረማል» አለ ታዲዮስ፣ ለጋስ ሆኖ። «ሁለተኛውን ዓይን ትጨምርና ግለ ሂስ ታድርግ።»

ኪዳነ ወልድ የእጩውን ቅጽ ይዞ ቆሟል። ስሟን ጽፎበታል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ከሰሉን ዘረጋላት። አሥር ቀን ሙሉ «የምታዩትን ሣሉ» ሲል የከረመው ጀግና!

ወሰንየለሽ ከሰሉን ተቀብላ ወደ ሥዕሉ ሄደች። ሦስቱ ክረምት አንዲት ጥቁር ነጥብ ላይ ተንጠልጥለዋል። እጇን አነሣች። ፊቱን ከአፍንጫ እስከ ጆሮ ፈለገችው። ከዚያ ዞር አለች።

«አቶ ወዳጆ፣ የት ላድርገው? ከጆሮዎ ኋላ?»

ከኋላ ያለ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው።

«ትቀልጃለሽ?»

«ኧረ በማርያም! ቦታ አጥቼ ነው። ይምጡና በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ይዩት። ሁለተኛውን ካገኙት እጨምራለሁ። ካላገኙት ግን አልጨምርም፤ ቅጹም ይቅርብኝ።»

«እኔ እኔን እንዴት አድርጌ ነው የማየው?»

«መምህር ታዲዮስ በእርስዎ ቦታ ይቀመጥልዎ።»

ታዲዮስ ወንበሩ ሲደርሰው ደስ አለው፤ ኮሌታውን አስተካክሎ እንደ ሹም ተቀመጠ። አቶ ወዳጆ በርጩማዋ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው እስኪደርስ ቁጢጥ አሉ። አዩ። ወደ ግራ አዘነበሉ፣ ወደ ቀኝ አዘነበሉ።

«አንተ ታዲዮስ!» ብለው ጮኹ። «አንድ ዓይን ነህ እኮ!»

«እንዴ ጌታዬ...»

«አትዙር! ባለህበት! አባ፣ ይምጡ፣ ይዩልኝ ይሄን!»

ቄስ ባስልዮስ በርጩማዋን ተረከቡ። «ስመ ሥላሴ! ቁርጥ ይሁዳ!»

ከዚያ ማን ይያዘው! ክፍሉ በሙሉ ተሰለፈ። እየተቀመጡ ያያሉ፣ እየሳቁ ይነሣሉ፣ ተመልሰው ከሰልፉ ጫፍ ይቆማሉ። በአሥር ቀን ያልገባቸው ነገር በአንድ በርጩማ ገባቸው። ታዲዮስ አንገቱን ማዞር ተከልክሎ ደርቋል። አቶ ወዳጆ የእሱን ሥዕል ከገመዱ አውርደው አፍንጫው ሥር ያዙለት።

«አንተ ከእሷ ጎን ተቀምጠህ ሁለተኛ ዓይኔን በምን አየኸው?»

«በ... በአመለካከት ጌታዬ።»

«ትራክተሩንስ?»

መልሱን የሰማ የለም፤ ሳቁ ዋጠው።

አቶ ወዳጆ ወደ ወሰንየለሽ ሥዕል ተጠጉና በጣታቸው የራሳቸውን አፍንጫ ተከትለው ወረዱ። «አፍንጫዬ እንዲህ ነው?»

«ነው» አሉ አባ፣ ሳይጠየቁ።

ኃላፊው ቅጹን ተቀብለው ፈረሙና፣ ባለሥልጣን እጁን ካላስገባ ወረቀት ሙሉ አይመስለውምና፣ ከፊርማቸው ሥር «ሰው ከፊት መሣልም እንድትለማመድ» ብለው ጨመሩ። ወሰንየለሽ ቅጹን በሁለት እጇ ያዘችው። ከሰል የነካው አውራ ጣቷ ታተመበት፤ ደንግጣ ልትጠርገው ስትል ባሰበት፣ ተወችው። አባ ባስልዮስ ትከሻዋን ይዘው፣ «ተመልሰሽ እኔን ነው መጀመሪያ የምታሠለጥኚው፣ ጡረታ ሳልወጣ!» አሏት።

አቶ ወዳጆም የመዝጊያ ንግግራቸውን «ሥነ ጥበብ ለፈጣን ልማት ያለው የማይተካ ሚና» ብለው ጀመሩ። ማስታወሻ ደብተሮች በግዴታ ተከፈቱ። ወሰንየለሽ ግን ከፊት ካሉት ወንበሮች አንዱን በክርኗ አስለቅቃ ያዘችና ንጹሕ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። የሚናገር አፍ ሥላ አታውቅም ነበር፤ ይኼኛው ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት እንደማይዘጋ እርግጠኛ ነበረች።