ከግድግዳው ማዶ የሰማሁት ዜማ

ዜማውን ወደ ቴሌግራም ግሩፑ ከላክሁ በኋላ አራት ቀን ሙሉ አንድም ሰው መልስ አልሰጠኝም። ይህ ያልተለመደ ነው። ግሩፑ የፊልም ሙዚቃ የምንወድ ሰዎች የምንገናኝበት ነው። እዚያ አንድ ሰው ስለ አንድ ፊልም ማጀቢያ ሁለት ቃል ከጻፈ ሌላው ካልተቃወመው እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ የላክሁት ደግሞ ቀላል ነገር ነበር። ስልኬ ላይ ባለው ኪቦርድ የተጫወትኩት አንድ ደቂቃ የማይሞላ ዜማ ነው፤ ከሥሩ «የየትኛው ፊልም እንደሆነ የሚያውቅ አለ?» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሰው እንዳየው ይታያል።

በአምስተኛው ቀን ግሩፑን የሚመሩት ሰውዬ በግል ጻፉልኝ። አጋሮ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

«ልጄ፣ ቅዳሜና እሁድ እኔ ቤት እንሰበሰባለን። ዘንድሮ እንኳ እንዳትቀሪ። ስለ ላክሽው ዜማ ሊያነጋግርሽ የሚፈልግ ሰው አለ።»

«ማን ነው?» አልኳቸው።

«ስትመጪ ትተዋወቃላችሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ይህ መልስ አላማረኝም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጋብዘውኝ ቀርቻለሁ። ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸው ሰዎች ቤት ሄዶ ማደር ለእኔ የሚዋጥ ነገር አልነበረም። ጅማ ውስጥ ቦሳ ኪቶ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ፣ ቀን ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለመዘምራኑ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ወላጆቼ ከሆሳዕና በኩል ቡና ለቀማ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰዎች ናቸው። ፊልም የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ አይከፈትም ነበር። አሁንም ፊልም ሳይ ታሪኩን ብዙም አልከታተልም፤ ከንግግሩ ሥር የሚሄደውን ሙዚቃ ነው የምሰማው። ይህን ለመዘምራኑ ነግሬያቸው አላውቅም።

ያን ዜማ ግን ከፊልም አልሰማሁትም። የሰማሁት ከግድግዳው ማዶ ነው። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለው ተከራይ የቡና መፈልፈያ ውስጥ የሚሠራ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ነው። ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ በኦሮምኛ «አካም ጂርታ?» ብሎ ደህንነቴን ይጠይቀኛል፣ «ነጋ» እለዋለሁ፣ በቃ። አመሻሹ ላይ ከሥራ ሲገባ ዋሽንት ይነፋል። ሁለት ወር ያህል ያንኑ አንድ ዜማ ደጋግሞ ነፋው። እኔም በቃሌ ያዝኩት። የፊልም መሆኑን እርግጠኛ ነበርኩ፤ ዘፈን ቢሆን ኖሮ ግጥም የሚገባበት ቦታ ይኖረው ነበር። ለምን እሱኑ አልጠየቅሁትም? ብቻውን የሚኖር ወንድ ነው፣ እኔም ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ የአከራያችን ዓይን ደግሞ ከመስኮት አይጠፋም።

ቅዳሜ ጠዋት ከጅማ መናኸሪያ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለታናሽ እህቴ የመምህሩን ስልክ ሰጠኋት፣ «ስደውልልሽ ድምፄ ከተለወጠ ወዲያው ነይ» አልኳት። ሳቀች። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም። ማደሪያዬንም መምህሩ ቤት ሳይሆን አጋሮ ያለች አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ዘንድ አድርጌዋለሁ። ወቅቱ እሸት ቡና የሚለቀምበት ስለነበር የቡ የምትባለው ከተማ ስንደርስ የቡና ማጠቢያው ሽታ በመስኮት ገባ፤ የሚጎመዝዝ፣ የበሰበሰ ፍሬ የሚመስል ሽታ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘችና «አጋሮ ምን ሥራ አለሽ?» አለችኝ። «ዘመድ ጥየቃ» አልኳት። ለምን እንደዋሸኋት አላውቅም።

መምህሩ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፊያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። «ባጋ ነጋን ዱፍቴ፣ ልጄ» ብለው እንኳን ደህና መጣሽ አሉኝና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። በረንዳው ላይ አሥር የምንሆን ሰዎች ተሰበሰብን። ሁለት ሰዎች ብቻ ዓይኔ ውስጥ ገቡ። አንዷ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ለተማሪዎች አጫጭር ፊልም ሙዚቃ ትሠራለች፣ ላፕቶፕና ትንሽ ኪቦርድ ይዛ መጥታለች። ሌላው ከአዲስ አበባ የመጣ አቀናባሪ ነው። ሥራዎቹን ከፊልም አውቃቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹንም እወዳቸዋለሁ። ሁሉንም እየዞረ ሲጨብጥ እኔ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«ምኗ?»

መልስ ሳይሰጠኝ አለፈ።

ከምሳ በኋላ መምህሩ አንድ ሰፌድ ይዘው መጡና ስልኮቻችንን እዚያ ላይ እንድናስቀምጥ ጠየቁን። ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ገና ያልወጣ ሥራ ሊያሰማን ነው፣ እንዳይቀረጽ ይፈልጋል አሉ። ሌሎቹ እየሳቁ አስቀመጡ። እኔ ስልኬን በመጨረሻ ነው ያኖርኩት፣ ዓይኔንም ከሰፌዱ አላነሳሁም። ሰፌዱ ወደ ጓዳ ሲገባ ለእህቴ እንዴት እንደምደውል አሰብኩ፤ የውጭውን በርም በዓይኔ ፈለግሁት።

አቀናባሪው ከራሱ ላፕቶፕ አንድ ሙዚቃ ከፈተ። የጎረቤቴ ዜማ ነበር።

በዋሽንት ሳይሆን በኮምፒውተር በተሠራ ድምፅ ነው የተጫወተው፣ ግን ያው ራሱ ነው። ፊቴ እንደተለወጠ ታውቆኛል፤ እሱም የሚያየው ሙዚቃውን ሳይሆን እኔን ነበር። ሲያልቅ ዘጋውና በቀጥታ ጠየቀኝ።

«ይህ ፊልም ገና አላለቀም። ሙዚቃውን የሰማው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አንቺ ከየት አገኘሽው?»

«ሰማሁት።»

«ከማን?»

ስም አልጠራሁለትም፤ እሱ ከዚያ በፊት አንድ ሥራው ከእጁ ወጥቶ የሌላ ሰው ፊልም ውስጥ እንደሰማው፣ እስከ ዛሬም ማን አሳልፎ እንደሰጠበት እንዳላወቀ ለሁሉም ተናገረ። «አሁን ደግሞ አንዷ ተነስታ በግልጽ ግሩፕ ላይ ትጥለዋለች። የየትኛው ፊልም ነው ብላ ትጠይቃለች። እንደማታውቅ!» አለ።

በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በሰዎች ፊት ሌባ ተብዬ አላውቅም ነበር። ግን ከእፍረቱ ይልቅ የያዘኝ ሌላ ሐሳብ ነው። ዜማው የጎረቤቴ ቢሆንስ? ቡና መፈልፈያ የሚሠራ፣ ማንም የማያውቀው ሰው፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን የፈጠረውን ነገር ይህ ስመ ጥር ሰውዬ ወስዶት ቢሆንስ? እንዲህ ያለ ነገር ስንት ጊዜ ይሰማል። የጎረቤቴን ስም ብሰጠው ሰውዬው ነገ ጠበቃ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ።

የድሬዳዋዋ ልጅ ኪቦርዷን ወደ እኔ ገፋችው። «እስቲ አንቺ የምታውቂውን ተጫወቺው» አለችኝ። ልታግዘኝ ይሁን ልታጋልጠኝ አልገባኝም። ተጫወትኩ። ግሩፑ ላይ የላክሁት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነበር፤ ጎረቤቴ ግን ከዚያ ቀጥሎ ወደ ታች የሚወርድ፣ ቀስ ብሎ ተመልሶ የሚነሳ ሁለተኛ ክፍል ነበረው። እሱንም ጨምሬ ጨረስኩት።

አቀናባሪው ወደ ኪቦርዱ ጠጋ አለ።

«ይህኛው የእኔ አይደለም» አለ።

«እንግዲያው የመጀመሪያውም የእርስዎ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» አልኩት።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሰውዬው ብድግ አለ። መምህሩ በመካከል ገብተው «ተዉ፣ ተዉ፣ እንግዶቼ ናችሁ» አሉ፤ የዚያን ቀን ሌላ ሙዚቃ አልተሰማም። ስልኬን ስቀበል ማንም እንዳልከፈተው አገላብጬ አየሁት። መምህሩ አይተውኛል።

እሁድ ጠዋት በጊዜ ወደ ጅማ ልመለስ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ መምህሩ ካደርኩበት ቤት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አብረን ወደ መናኸሪያው ሄድን። መንገዱ ዳር የታጠበ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ሴቶች በእጃቸው እያገላበጡ ይለቅማሉ። ብዙ ከሄድን በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«ዜማው የማን እንደሆነ ሳልነግርሽ የጠራሁሽ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ብነግርሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እቀር ነበር» አልኳቸው።

«እሱም ቢሆን ሌባ አይደለም፣ ልጄ። የተሰረቀ ሰው ነው። የተሰረቀ ሰው ደግሞ ሁሉንም ይጠረጥራል።» ቆም አሉ። «አንቺስ ማንን ነው የምትከላከዪው?»

ነገርኳቸው። ስነግራቸው ነገሩ ለራሴም ቀለለብኝ፤ ግድግዳ፣ ዋሽንት፣ ሰላምታ፣ ሌላ ምንም የለም። ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «ታዲያ እሱኑ ለምን አንጠይቀውም? ስልኩ አለሽ?» የለኝም። የነበረኝ የአከራያችን ስልክ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ደወልኩ። አከራዬ በመጀመሪያ ሰውየውን ለምን እንደፈለግሁት ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ እያጉረመረመች ሄዳ ጠራችው።

«ያ የምትነፋው ዜማ የማን ነው?» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ግድግዳው ስስ ነው።»

«ወላሂ፣ ለማንም አልሰጠሁም!» አለ። ከአዲስ አበባ አንድ ሰው በስልክ የላከለት ነው፤ ለፊልም የዋሽንቱን ክፍል እንዲለማመድና ቀረጻው ሲደርስ እንዲመጣ ተነግሮታል። ለማንም እንዳያሰማ ተብሏል፣ እሱም ለማንም አላሰማም። ክፍሉን ዘግቶ ነው የተለማመደው።

«ሁለተኛው ክፍልስ?»

«እሱ የእኔ ነው» አለ። «ያለቀ አልመሰለኝም ነበር። ጨመርኩበት።»

ወደ መምህሩ ቤት ተመለስን። አቀናባሪው በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሁሉንም ነገርኩት። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ዋሽንት ነፊዎቹን እንደጠረጠራቸው ግን አመነ፤ ለሁለት ሰው ነበር የላከው፣ ሁለቱንም ከሥራው ሊያስወጣቸው አስቦ ነበር። ከዚያ ጎረቤቴ ስልክ ላይ ደወለና «ያን የጨመርከውን ንፋልኝ» አለው። ሰውየው ከቦሳ ኪቶ ግቢ ውስጥ ነፋ። በስልኩ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ እየቆራረጠ ነበር፣ ከጀርባውም የአከራዬ ድምፅ ይሰማል። አቀናባሪው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፣ ሲያልቅ «ድገመው» አለ። የድሬዳዋዋ ልጅ ላፕቶፗን ከፍታ እየሰማች ጻፈችው።

«ፊልሙ ላይ ሊገባ ነው?» ስል ጠየቅሁት።

«ከገባ ይገባል።»

«ስሙስ? በድርሰቱ ላይ ይጻፋል?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ደግሞ መጠርጠር አይሰለችሽም?» አለ። ቀጥሎም «ይጻፋል» አለኝ።

ፊልሙ ከወራት በኋላ ጅማ ታየ። ከድሬዳዋዋ ልጅ ጋር ሄድኩ። ሁለተኛው ክፍል መጨረሻው ላይ ገብቷል፤ በፊልሙ ውስጥ ያለው አባት ከአውቶብስ ወርዶ የሚቀበለው ሰው አጥቶ ሲቆም ይሰማል። አለቀስኩ። ሰዎች እየተነሱ ሲወጡ እኛ ስሞቹ እስኪያልፉ ቁጭ አልን። «የሙዚቃ ድርሰት» በሚለው ሥር የአቀናባሪው ስም ብቻውን ቆሟል። የጎረቤቴ ስም በጣም ዝቅ ብሎ «ዋሽንት» ከሚለው ጎን ነበር።

ልጅቷ ክንዴን ያዘችኝ፣ እንደተናደድኩ አውቃለች። ያን ቀን ለአቀናባሪው ጻፍኩለት፤ ቃሌን አላለሰለስኩም። የመለሰልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ራሱን ጠይቂው።»

በማግስቱ ጠዋት ግቢ ውስጥ ቧንቧው ጋ ውሃ ሲቀዳ አገኘሁት። ከመጠየቄ በፊት ስለ ፊልሙ እያወራ ፊቱ ፈክቶ ነበር፤ መፈልፈያው ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ስሙን ስልክ ላይ አሳይቷቸዋል።

«ድርሰቱ ላይ ግን አልጻፈህም» አልኩት።

«ደውሎ ጠይቆኛል» አለ። «እኔ ነኝ ተወው ያልኩት።»

«ለምን?»

«ደራሲ ነኝ ካልኩ ሌላ ጊዜ ዋሽንት ንፋልኝ ብሎ የሚጠራኝ አይኖርም። አሁን ለሁለት ፊልም ጠርቶኛል።»

እውነቱን ይሁን እንዲህ በል ተብሎ ይሁን ፊቱን አጠናሁ። አላወቅሁም። እሱ ግን ዓይኑን አላሸሸም።

«አንቺ ግን» አለኝ፣ «ያን ሁሉ ሰው ከመጠየቅሽ በፊት እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? እዚሁ ነበርኩ።»

ስለ እሱ ከአጋሮ እስከ ጅማ ተከራክሬያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ በሩን አንኳኩቼ አላውቅም። ጄሪካኑ ሞልቶ ስለነበር አነሳው፣ «በይ፣ ውሃው ሳይሄድ ቅጂ» አለኝና ገባ። እኔም የራሴን ጄሪካን ቧንቧው ሥር አስቀመጥኩ።