ኢርፋን ግትር የሚልለት ሰው

ወንድሜን አብዱልጀሊልን ሰንበቴ ገበያ ላይ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከብት ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው። ደላላ ነው። ደላላ ስል ግን በሬውን ሳያይ ዋጋ የሚጠራውን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። እሱ በሬውን ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ ጎኑን መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ «ይሄ ሲደበደብ ያደገ ነው፣ ሰው ይፈራል» ወይም «ይቺን የሴት እጅ ነው ያሳደጋት» ይላል። አይስትም። ከአፋር የሚወጡትም ነጋዴዎች፣ ከደጋ የሚወርዱትም እሱን ሳያማክሩ ገመድ አይጨብጡም። «ከብት አይዋሽም እታለም» ይለኛል። «እጅህን ስትዘረጋ ወደ ኋላ የሚልብህ፣ አንድ ክፋት አይቶብህ ነው።» ወላሂ፣ ጉድ የሠራችው ይቺው ዕውቀቱ ናት።

እኔ ሳቢራ እባላለሁ፣ ታላቅ እህቱ ነኝ። ከሚሴ ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ፤ ምላሷ ከበርበሬዋ አይተናነስም ይሉኛል፣ ይበሉ። ከወንድሜ ጋር የምንኖረው አንድ ግቢ ነው። ሚስቱ ረቢአ፣ ልጃቸው ኢርፋን ሁለት ዓመት ሲሞላው ለሥራ ጅዳ ሄደች። እኛ አገር ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ፈልጋችሁ አታገኙም፣ አዲስ ነገር አይደለም። ልጁ ለእኔና ለአባቱ ቀረ።

ኢርፋን ሲወለድ አላለቀሰም። ምጡ ረዝሞ ታፍኖ ነው የወጣ። ኋላ ሐኪሞቹ አንጎሉ ላይ ጉዳት ደርሷል፣ ሴሬብራል ፓልሲ ነው አሉን። እኛ የምናውቀው አንገቱ አለመጽናቱን፣ ለብቻው መቀመጥ አለመቻሉን፣ እግሮቹ እንደ መቀስ መጠላለፋቸውን ነው። ዓይኑ አንድ ቦታ አይቆምም። ጆሮው ግን፣ ማሻአላህ፣ ከመንገድ ማዶ የቆመ ባጃጅ ሲነሳ እንኳ ይሰማል። ቀኑን ከእኔ ጋር ገበያ ይውላል፣ አንዴ በጀርባዬ፣ አንዴ በከረጢቶቹ መሀል ደግፌው። ለእኔ ሰውነቱ ለስለስ ይላል። ደንበኞቼም ሲያነሱት ዝም ብሎ ይታቀፋል።

አባቱ ሲመጣ ነው ነገሩ። አመሻሽ ላይ የአብዱልጀሊል ሞተር ከአስፋልቱ ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ ኢርፋን ይጀምራል። አፉ ይከፈታል። ክንዱ ይዘረጋል፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ጀርባው ግትር ብሎ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። አባቱ ብብቱን ይዞ ሲያነሳው ደግሞ ይብሳል፤ ራሱን ወደ ኋላ ይወረውራል፣ ከጉሮሮው ድምፅ ይወጣል፣ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። ከሌላ ከማንም ጋር እንዲህ አይሆንም።

አብዱልጀሊል መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። «አቦ ምን አደረግሁህ?» ይለዋል። ቆይቶ መሳቁን ተወ። የከብት ሽታው ይሆናል ብሎ ሳይታጠብ አይጠጋውም፣ ልብስ ይቀይራል፣ ሽቶ ሁሉ ይቀባል። ምንም የለም። ልጁ ያው ግትር፣ ፊቱ ያው ወደ ግድግዳ። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ «እታለም፣ ይሄ ልጅ ምን አየብኝ?» አለኝ። «የሞተርህን ጭስ ነዋ» አልሁት። አልሳቀም።

የባሰው የአረፋ ለት ነው። ቤቱ እንግዳ በእንግዳ ሆኗል። ወንድሜ የሚያከብረው የባቲው ነጋዴ ሙሀመድኑር ሳይቀር መጥቷል። አብዱልጀሊል ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ደስ ብሎት፣ «ልጄን ላሳያችሁ» አለና ኢርፋንን ከፍራሹ ብድግ አደረገው። ልጁ በሰው ሁሉ ፊት ተቀለበሰ። ጭንቅላቱ የአባቱን ከንፈር ሰነጠቀው፣ ክንዱ ኮፍያውን አሽቀንጥሮ ጣለው። ደሙ ጀለቢያው ላይ ተንጠባጠበ። ሙሀመድኑር ክፉ ሰው አይደለም፣ ዝምታውን ለመስበር ብሎ ነው፣ «ሕፃን እኮ መልአክ ነው፣ ያየውን እሱ ነው የሚያውቅ» አለ። አንዳንዱ ፈገግ አለ። ወንድሜ ልጁን አስታቀፈኝና ወጣ፤ እንግዳውን ሁሉ የሸኘሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አፈረ። እንዴት ያለ ማፈር መሰላችሁ፤ ቀና ብሎ የማይሄድ ማፈር። ሰው ባለበት ልጁን አይነካም። መስጊድ ሲሄድ የሰው አባት ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ካየ መንገድ ይቀይራል። ጭራሽ ሞተሩን አስፋልቱ ላይ አጥፍቶ እየገፋ መግባት ጀመረ፣ ልጁ ድምፁን እንዳይሰማ። ኢርፋን በሩ በኩል ጆሮውን ሰጥቶ ያመሻል፣ አባቱ በጓሮ ይገባል።

ክረምቱ እንዳለፈ «ጨፋ፣ እማማ ሰሊማ ጋ ልወስደው ነው» አለኝ። እማማ ሰሊማ የረቢአ እናት ናቸው፤ ቦርከና ዳር ማሽላና በቆሎ የሚያርሱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጠንካራ ሴት ናቸው። ለረቢአ በስልክ «አየሩ ይስማማዋል» አላት። የጨፋን ወባ የማያውቅ ያለ ይመስል። ደሜ ፈላ። «ጊደር እንኳ እስክትለምድህ ትታገሣታለህ፣ ልጅህን ነው የምታባርር?» አልሁት። «እኔን ሲያይ ነው የሚሠቃየው» አለኝ። «ለኔ ብዬ መሰለሽ? ለሱ ብዬ ነው።» ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ እሱም ስሙን ሊያድን ልጁን ሰደደ። እኔ ደግሞ ተቆጥቼ ሰነበትሁ እንጂ፣ ልጁ የሱ ነው፣ ምን አደርጋለሁ?

መጀመሪያ ሰሞን ከገበያ ሲመለስ ስኳሩን፣ ሳሙናውን ይዞ ጨፋ ይወርድ ነበር። ወርዶም በር ላይ ነው የሚቆመው። ልጁ ውስጥ ሆኖ ድምፁን ሰምቶ መንፈራገጥ ሲጀምር ዕቃውን አስረክቦ ይመለሳል። እማማ ሰሊማ «ግባ እንጂ፣ የሰው ቤት ነው እንዴ?» ሲሉት «ይረበሽብኛል» ይላል። ኋላ ኋላ ዕቃውን በሰው መላክ ጀመረ። በጋው በሙሉ እንዲሁ አለፈ።

ዘንድሮ ዓፊያ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ከደሴ መጣች፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ያሏቸውን ወላጆች ሰብስባ ልታስተምር። አባቶችም ኑ ተብሎ በመስጊድ ተነገረ። አብዱልጀሊል «ልጁ እዚህ የለ፣ እኔ ምን ልሠራ?» ቢል ክንዱን ይዤ ጎተትሁት። ገበያ ላይ በሬ የሚያስፈራራ ሰው፣ አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ከኋላ፣ ከበሩ ጥግ ተለጠፈ።

ዓፊያ ወሬ አታበዛም። ምንጣፍ አነጠፈች፣ ኢልሃም የምትባል ትንሽ ልጅ አስተኛች፣ ለእናትየው ጉልበትና ዳሌዋን እንዴት እንደምታጥፍላት ታሳይ ጀመር። በዚህ መሀል የኢልሃም አባት ዘግይቶ በሩ ላይ ብቅ አለና «አሰላሙ አለይኩም» አለ። ልጅቱ ድምፁን እንደሰማች ግትር አለች። ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች፣ ክንዷ ተዘረጋ፣ ጀርባዋ ተቀለበሰ። ልክ ኢርፋን። አብዱልጀሊል ለሰውየው አፍሮለት ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ዓፊያ ግን ሳቀች።

«አባቷን እንዴት ነው የምትወደው!» አለች።

«ይሄ መውደድ ነው?» አለ ከኋላ ወንድሜ። ሳያስበው ነው የወጣው።

«እኛ ደስ ሲለን እጃችንን እንዘረጋለን፣ እንሮጣለን» አለች ዓፊያ። «እሷም መዘርጋት ነው የፈለገችው። ግን አንጎሏ ትእዛዙን በደንብ አያደርስላትም፣ ጡንቻው ሁሉ ባንዴ ይያዛል። አጥብቃ በፈለገች ቁጥር አብዝታ ትገተራለች። ፊቷን ያዞረችውም ጠልታው አይደለም፤ አንዳንዶቹ ፊት ለፊት ከማየት በዓይናቸው ጠርዝ ማየት ይቀላቸዋል።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «ሁልጊዜ ደስታ ነው አልልም። ሲያማቸውም፣ ሲደነግጡም፣ በድንገት በብብታቸው ስታነሷቸውም እንዲሁ ይሆናሉ። የየራሳችሁን ልጅ ማየት ነው።»

«የኔ ከማንም ጋር እንዲህ አይሆንም» አለ አብዱልጀሊል። ቆሟል። «ከእኔ ጋር ብቻ ነው።»

«ሲያነሱት ነው የሚጀምረው?»

«የለም፣ ገና የሞተሬን ድምፅ ሲሰማ።»

«አፉስ እንዴት ነው?»

«ይከፈታል። ድምፅ ያወጣል።»

«እርስዎ የት ነው የሚውሉት?»

«ገበያ።»

«ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅዎት ይውል ነበራ» አለች ዓፊያ። ልታሳፍረው አይደለም፣ ደስ ብሏት ነው። «ይዘውት ይምጡና አያያዙን ላሳይዎት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ወንድሜን ያየዋል፣ እሱ ግን ማንንም አያይም። እኔም ለዚያች ቀን ያጠራቀምሁት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ፤ ምን ተብሎ ይሰደባል? ዓፊያ ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ብርድ ልብስ ጠቅልላ በልጁ ቦታ ሰጠችው። መጀመሪያ ከፊቱ ሆነው ያናግሩት፣ ከዚያ ወደ ጎን ያዙሩት፣ ጉልበቱንና ዳሌውን እጥፍ ያድርጉ፣ ትከሻውን ወደ ፊት አምጥተው ወደ ደረትዎ ያስጠጉ፣ እያለች አሳየችው። ያ ሁሉ ሰው እያየው ብርድ ልብሱን ሲያነሳና ሲያስተኛ ቆየ። ስንወጣ መንገድ ላይ ቆም ብሎ «ሞተሩን አጥፍቼ ነበር እኮ የምገባው» አለኝ።

በማግስቱ ጨፋ ወረድን። ልጁን ሊያመጣው ነው። ለረቢአ «ኢርፋን ዛሬ ቤቱ ይገባል» ብሎ በስልክ ድምፁን ልኮላታል። ከበቆሎው ማሳ ሳንደርስ ገና ክላክሱን ያስጮኸው ጀመር፤ ከብት የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው እስኪያዩን። እኔ ከኋላው ተቀምጬ «ይስማህ፣ ይስማህ» እላለሁ።

ኢርፋን ደጅ ነበር፣ ከግራሩ ጥላ ሥር፣ ጭድ በተሞላ ጆንያ ተደግፎ። አብዱልጀሊል ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ከፊቱ ተንበረከከ። «ኢርፋን፣ አባትህ ነኝ» አለው። የልጁ ዓይን በቅጠሉ ላይ፣ በእኔ ላይ፣ በአባቱ ላይ አለፈ። ወንድሜ እንደተማረው ወደ ጎን አዞረው፣ ጉልበቱን አጠፈለት፣ ትከሻውን ወደ ፊት አድርጎ ወደ ደረቱ አስጠጋው። ልጁ እንደ ለስላሳ ጨርቅ መጣለት። ጭንቅላቱን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

እኔ አልሐምዱሊላህ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። የወንድሜን ፊት ሳይ ተውሁት።

«አልተገተረም እታለም» አለኝ።

«አያያዙን አውቀህበት ነዋ» አልሁት። መዋሸት አልችልበትም፣ ድምፄም አስታወቀብኝ። ልጁ ገበያ ላይ ደንበኞቼ ሲያነሱት የሚታቀፈውን ነው የታቀፈው። አብዱልጀሊል እንደገና «አባትህ ነኝ፣ ኮቱ፣ ና፣ አባትህ ነኝ» አለው፣ በጆሮው። ልጁ ዝም ብሎ ይተነፍሳል።

የዚያን ጊዜ ከበቆሎው ውስጥ የእማማ ሰሊማ ድምፅ መጣ። «ኢርፋን ኮ፣ ኢርፋኔ! ማነው የመጣብህ?»

ልጁ አፉን ከፈተ። ክንዱ ተዘረጋ፣ ፊቱ ወደ ወንድሜ አንገት ዞረ፣ ጀርባው ግትር ብሎ ተቀለበሰ፣ ከጉሮሮው ያ ድምፅ ወጣ። አብዱልጀሊል ሊያመልጠው ሲል አጥብቆ ያዘው። ይሄ ነገር በአባትነቱ ዘመን ሁሉ ሲያሳፍረው የኖረ ነው፤ አሁን ግን ትርጉሙን ያውቀዋል፣ ማወቁ ነው የከፋው። እኔ ብዙ ያፈረ ሰው አይቻለሁ፣ የተሰረቀበትም የሰረቀም አይቻለሁ። እንደዚያ ያፈረ አላየሁም። እኔም ለሱ አፈርሁ።

እማማ ሰሊማ ማጭዳቸውን እንደያዙ ከማሳው ወጡ። ልጁን በአባቱ እጅ፣ ሞተሩን ከነጩኸቱ፣ እኔን ከነፌስታሌ አዩ። ቆሙ። ማጭዱን ጣል አደረጉት፣ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«ልትወስደው ነው?» አሉት።

አብዱልጀሊል ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን እንዳጠፈ፣ ትከሻውን እንደደገፈ፣ ልጁን በእጃቸው ላይ አስቀመጠ።

«የለም እማማ» አላቸው። «ልጠይቀው ነው የመጣሁት።»