ጠለፋ የሚለው ቃል

በመረጃ ሰብሳቢነት የመጀመሪያ ቀኔ ሐይቁ ዳር ካለው ቢሯችን ታብሌት፣ የአንገት መታወቂያና የገበያ ሠፈር ድርጅቶች ዝርዝር ተሰጠኝ። ሥራው በንግድ ቤቶች ላይ የሚደርሰውን የኮምፒውተር ወንጀል የሚለካ የመንግሥት ጥናት ነበር። ተቆጣጣሪያችን አቶ ምሕረቴ፣ ጥያቄውን እንደ ተጻፈው አንብብ፣ አንዲት ቃል እንዳትለውጥ አሉኝ። እኔም እንደ ዳዊት ደገምሁት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቤቶች ሁሉንም «የለም» ብለው ሸኙኝ። አራተኛው የሐጂ ኑሩ መደብር ነበር። ሐጂ ከወረታ ሩዝ እያመጡ ይሸጣሉ፤ ትእዛዝ የሚቀበሉት በቴሌግራም ነው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

«ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ጠለፋ ደርሶብዎታል?» ብዬ አነበብሁ።

«ልጄን ማን ይጠልፋታል? ማነው እንዲህ ብሎ ያስወራው?» አሉና ከዘራቸውን አነሡ።

ክው አልሁ። ሚዛን ላይ የነበረችው ልጃቸው ዘሃራ ሳቋን በሻሽዋ አፈነች። ጠለፋ በእኛ አገር ልጃገረድን በጉልበት መውሰድ መሆኑን እናቴም ታውቃለች፤ መጠይቁን ያዘጋጁት ሰዎች ግን ረስተውታል። እኔስ ደንቆሮው? አፌን ሞልቼ አነበብሁት እንጂ።

ይቅርታ ጠይቄ የስልክና የኮምፒውተር ነገር ነው አልኋቸው። ሐጂም እንደ ሌሎቹ «የለም» አሉ። ልመዘግብ ስል ዘሃራን አየኋት፤ ሳቋ ጠፍቶ አንገቷን ደፍታለች።

ታብሌቱን አስቀመጥሁ። ደንቡን መጣሴ ነበር። በእርስዎ ስም ሌላ ሰው ለደንበኞችዎ ጽፎ ያውቃል ወይ ብዬ በራሴ ቃል ጠየቅሁ።

ሐጂ ከዘራቸውን አስቀምጠው ነገሩን አወጡት። ከወራት በፊት አንድ የማያውቁት ሰው ቴሌግራማቸውን ነጥቆ በስማቸው ደንበኞቻቸውን ሲያታልል ከርሟል። ስልኩን የምትይዘው ዘሃራ ስለ ነበረች፣ በአንቺ ዝርክርክነት ነው ብለው ስልኩን ቀሟት። ኮሌጅ የጨረሰች ልጅ ከዚያ ወዲህ ጆንያ ስትመዝን ትውላለች። ለፖሊስም አልነገሩም፤ ሰው ቢሰማ ምን ይላል ብለው።

«ከገበያው ሁሉ የእኔ ቤት ብቻ ተዋረደ» አሉ።

የሌላውን ቤት መልስ ማውራት ለእኛ ክልክል ነው፤ ደግሞም የማወራው አልነበረኝም። «ሐጂ፣ መንግሥት ይኼን ሁሉ ሰው ያሰማራው ለእርስዎ ቤት ብቻ ይመስልዎታል?» አልኋቸው።

ታብሌቱን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት።

«አንቺ መልሽለት፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉ።

ዘሃራ አንድም ሳታስቀር መለሰችልኝ። ስልኩንም ከዚያ በኋላ አልመለሰችም። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ብናገረው አላፍርም።

ቢሮ ተመልሼ ጥፋቴን ተናዘዝሁ። አቶ ምሕረቴ ያባርሩኛል ስል፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ለዋናው ቢሮ ደብዳቤ ጻፉ። በቀጣዩ ዙር ጥያቄው «ሌላ ሰው ያለ ፈቃድዎ ስልክዎ ወይም ኮምፒውተርዎ ውስጥ ገብቶ ያውቃል?» ሆነ። እነዚያን ሦስት ቤቶች ዳግም ስዞር ሁለቱ ለካ ደርሶባቸው ኖሮ የሆድ የሆዳቸውን አጫወቱኝ።

ዛሬ አዲስ መረጃ ሰብሳቢዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ፤ እንዲህም እላቸዋለሁ፦ ሰው «የለም» ሲላችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ምን የተጠየቀ እንደ መሰለው እወቁ።